ያረፈው ጊታሪስት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ አንድ የሮክ አልበም የተጻፈውን እንዳጣራላት ጠየቀችኝ። ዘፈኖቹ ስድስት ናቸው ወይስ ሰባት? ጊታሪስቱ አሁን የት ነው? ሰበብ ደርድሬ ስልኩን መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ፍርሃት አላውቅም ነበር። አልበሙን የቡሬ ልጆች ናቸው በካሴት ያወጡት። አገሬው ጩኸት ይለዋል፤ እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ። በዚያ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ አልበሙ መጀመሪያ የጻፍኩትም እኔው ነበርኩ። ከበሮውን ማን መታ፣ የት ተቀዳ እያልኩ ሳጣራ፣ ካሴት ሻጩን ጋሽ ምሥጋናውን ስለ ጊታሪስቱ ስለ ይበልጣል ጠየቅኋቸው።

«እሱማ አርፏል። ቡሬ ነው» አሉኝ።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት አረፈ ከተባለ ሰውየው ሞቷል። ከንፈሬን መጥጬ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና «ሕይወቱ አልፎ ቡሬ ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲያውም አጻጻፌን ወድጄው ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጋሽ ምሥጋናው አስጠሩኝ። የይበልጣል እህት አዲስ አበባ ሆና ጽሑፉን አንብባ ኖሯል፤ ፈረስ ቤት ከተማ ላሉት ዘመዶቿም ነግራለች። እነሱ ደግሞ እሁድ ማለዳ እዚያው ላሉት እናቱ መርዶ ሊነግሩ ተቀጣጥረዋል።

«ኧረ እኔስ ጊታሩን ጥሎ ከዚያ ሁሉ ጩኸት አረፈ ማለቴ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

 እሳቸው ደውለው በሕይወት አለ ቢሏትም እህቱ አላመነችም፤ ዘመዶቹም እንዲሁ። እኛ አገር ሞት ይደበቃል፤ ደኅና ነው ሲሉህ የባሰ ትጠረጥራለህ። ድምፁን እንዳያሰሟቸው የቡሬ ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሰውየው በእግሩ ሄዶ ካልታየ በቀር መፍትሔ አልነበረም።

የቡሬ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ መንገድ ዳር የእሸት በቆሎ ጥብስ ይሸታል። አንድ ገዝቼ ሳልበላው ያዝኩት። ባይገኝስ? ገበያ ወጥቶ ቢሆንስ? ሾፌሩ ለተሳፋሪ በቆመ ቁጥር ላለቅስ ይዳዳኝ ነበር።

ይበልጣልን የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አልተቆጣኝም።

«እናቴ ሰምታለች?» አለ ብቻ።

«እስከ ነገ ጠዋት አይነግሯቸውም።»

ወፍጮውን አጠፋና ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ወጣ። እስከ ፍኖተ ሰላም አብረን መጣን፤ እሱ የፈረስ ቤት መኪና ተሳፈረ፣ እኔ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሞቷል ያልኩትን ሰረዝኩ። ሰርዤም እፎይ አላልኩም፤ እሁድን ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም።

ወሬውን ሰኞ ሰማሁ። ዘመዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የእናቱን በር ሲያንኳኩ የከፈተላቸው ሟቹ ራሱ ነው። ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ አለቀሰ። እናቱ ግን ከኋላው ቆመው የመርዶውን ሰልፍ አይተውታል። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በር በተንኳኳ ቁጥር «ማን ሞተ?» ሳይሉ ከፍተው እንደማያውቁ እህቱ ነግራኛለች።

ስህተቴን የሰረዝኩት በአንድ ጣት ነበር። የእሳቸውን ድንጋጤ ግን በምን ልሰርዘው እችላለሁ? ይበልጣል ዛሬም አለ፤ ዕድሜ ይስጠው። ቀኑ ሲደርስ ግን መሞቱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ አንድ ጊዜ ገድዬዋለሁ።