በድንኳን ምልክት የሰመጠችው ጀልባ

የሐይቁ ኑርዬ ዐርፎ መቀመጥ ከተወ ከርሟል። ምግብ ቀርቦለት ሁለቴ ጎርሶ ይነሳል፤ ሰው እያጫወተው ዓይኑ ውኃው ላይ ነው። ሚስቱ ራዚያ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቁንጫ ገባብህ እንዴ?» ትለዋለች። ምን ያድርግ! ጀልባውን ደብቆ የደበቀበት የጠፋው ሰው ነው።

ኑርዬ ሐይቁ ዳር ባለው መናፈሻ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ እንግዶችን በጀልባ ያንሸራሽራል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። ጀልባዋን ያሠራት ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ እንግዳው ሲጎርፍ፣ በሬውን ሸጦ ነው።

በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ከወልድያ ወዲህ ሲገፋ ከተማው ድብልቅልቁ ወጣ። ታጣቂ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል ሲባል፣ ኑርዬ ጀልባዋን ድንጋይ ሞልቶ አሰመጣት። ብልሃቱስ ደግ ነበር። አጥማጅ መረቡን ጥሎ ሲሄድ ቦታውን በሁለት ምልክት ይይዛል፤ አንዱ ዳር ላይ፣ ሌላው ከዚያ ጀርባ። ሁለቱ ገጥመው ሲታዩት መስመሩን አገኘ ማለት ነው። ኑርዬ የኋላውን የመስጊዱን ሚናራ አደረገ። የፊቱንስ? የፊቱን እንግዶች ጥለውት የሸሹትን ሰማያዊ ድንኳን አደረገዋ! አይ ኑርዬ! ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ላይ የኖረ ሰው ድንኳን ምልክት ያደርጋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከስደት ሲመለስ ድንኳኑ የለም። ማን እንደነቀለው አላህ ይወቅ።

ከዚያ ወዲህ በሰው ጀልባ እየዞረ፣ በረጅም እንጨት የውኃውን ሆድ ሲወጋ ከረመ። ዛሬ እዚህ ናት ይላል፣ ነገ እዚያ። እንጨቱ ድንጋይ በነካ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል። ጀልባዋ ካልተገኘች እንጀራው ተቆረጠ፤ ሌላ የሚሸጥ በሬ የለው!

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ከደሴ ወጣቶች መጡ። ድንኳን፣ መንጠቆ፣ የዋና መነጽርና በአየር የሚነፋ የላስቲክ ጀልባ ይዘዋል። አስተባባሪያቸው ሚስጥር የምትባል ሳቂታ ልጅ ናት። ድንኳኗን ተክላ ሳትጨርስ ኑርዬ ከተፍ አለ።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ግራ አድርጊው።»

አደረገችው። እሱ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«አሁን ደግሞ ወደ ኋላ።»

አሁንም እሺ አለች። እንደገና ንቀዪው ሲላት ግን ወገቧን ይዛ ቆመች። «ጋሼ፣ ጎጆ ሊያወጡኝ ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ጉዱን ነገራት። መጀመሪያ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «አብሽሩ ጋሼ፣ እንፈልጋታለን» አለችና ጓደኞቿን ጠራች። ዓሣ ማጥመዱም መንሸራሸሩም ቀርቶ፣ ተሰልፈው ይጠልቁ ጀመር። ኑርዬ ዳር ዳሩን ይንቆራጠጣል፤ አንዱ ብቅ ባለ ቁጥር «እህ? እህ?» ይላል።

በማግስቱ አንደኛው፣ «እግሬን እንጨት ነካኝ!» ብሎ ጮኸ። ድንጋዩን እያወጡ፣ በገመድ እየሳቡ ወደ ዳር አመጧት። ኑርዬ ጭቃዋን በመዳፉ እየጠረገ፣ የሰው ዓይን ሳያፍር፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉንም ጭኖ፣ አምባሰልን እያንጎራጎረ ከማዶ እስካለው ገዳም ድረስ አንሸራሸራቸው። ራዚያ የዚያን ቀን እልልታዋ ለጉድ ነበር።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ጠዋት የሚስጥር ስልክ ጮኸ። በቆቦ በኩል ተኩስ ተጀምሯል፤ መንገዱ ሳይዘጋ ቶሎ ኑ ይላሉ ቤተሰቦቿ። ወጣቶቹ ድንኳናቸውን እንደነገሩ ጠቅልለው፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ተሰናብተው በባጃጅ በረሩ።

ራዚያ ነጠላዋን አሸርጣ ድንጋይ ትለቅም ጀመር። «ቶሎ በል እንጂ! እናስምጣት! አሁንስ ምልክቱን ከተራራው እንይዛለን።»

ኑርዬ ንቅንቅ አላለም። «አላሰምጣትም።»

«ይወስዱብሃል እኮ!»

«ይውሰዷት። ዓይኔ እያየ ይውሰዷት። ከሄደች ሄደች፣ አልቅሼ ይወጣልኛል። የት እንዳለች ሳላውቅ መፈለጉን ግን፣ ወላሂ ራዚያ፣ ሁለተኛ አልችለውም።»

ይህን ብሎ ጀልባዋን ከግንድ ጋር አሰረና ጠርዟ ላይ ቁጭ አለ። ብትጎትተውም አልተነሳም።