አሥራ አንደኛው ሕግ

ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነበር። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ጨምድዶ አወጣውና ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ቴሌቪዥን ሊያይ ሄደ። የልጆች የፍላግ ፉትቦል፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ የሊግ ሕግ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የቤቱ አስተርጓሚም እኔ ነኝ። የስልክ ቢል፣ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ፣ ሁሉም በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ከእኔ በላይ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ደስ ያላለኝን መስመር ዘልዬ አነብ ነበር፤ ማን ያውቅብኛል?

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እዚያ ባለው ቴሌቪዥን የትልልቆቹን ፉትቦል አይታለች። ሰው በሰው ላይ ሲከመር አይታ "ልጄን እዚህ ውስጥ አልጨምርም" ብላ ምላ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ሕግ መስማት ፈለገች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን ታነባለች። ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አደረገችና "በይ" አለችኝ።

"ማንም ማንንም አይጥልም፣ አይገፋም። ኳስ የያዘውን ልጅ ማስቆም የሚቻለው ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ባንዲራ በመንቀል ብቻ ነው።"

"የማን ባንዲራ?"

"የማንም አይደለም እማዬ፤ ቀይ ጨርቅ ነው። ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል።"

ጣቷ ወረደ። ኪስ ያለው ቁምጣ አይለበስም፤ የሌላ ልጅ ጣት ገብቶበት ይሰበራል። ካናቴራ ቁምጣ ውስጥ ይገባል። ኳስ የያዘ ልጅ ጨርቁን በእጁ አይከልልም። ጨርቁ ማንም ሳይነቅለው በራሱ ከወደቀ ጨዋታው አይቆምም፤ ልጁ መሮጡን ይቀጥላል። ማንኛውም ልጅ፣ ቻለም አልቻለም፣ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወታል። ከጨዋታ በፊት ስም ይጠራል፤ ልጁ ራሱ "አለሁ" ይላል።

"ይሄንን ያወጣችው እናት መሆን አለባት" አለች እማዬ፤ ፊቷ ፈታ አለ። እኔም ፍጥነት ጨመርኩ።

"ከአሥር ወደ አሥራ ሁለት ዘለልሽ" አለችኝ ጣቷን ሳታነሳ።

"ስለ ዕድሜ ነው፤ አያስፈልግም።"

"አንብቢው።"

አነበብኩላት። ልጅ የሚመደበው በልደት ወረቀቱ ላይ ባለው ዕድሜ ነው። በሌላ ልጅ ስም ወይም በሌላ ልጅ ዕድሜ የተጫወተ ልጅ ከሊጉ ይሰረዛል፤ ቡድኑ ያሸነፈው ሁሉ ይሰረዛል። እማዬ ጣቷን የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው ከወረቀቱ ላይ አነሳችው። ሳሎን ውስጥ ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ነገር ይስቃል።

አባዬ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ድንበር ተሻግረን ኬንያ ካምፕ ስንገባ አራት ሆነን ተመዘገብን፤ አባዬ፣ እማዬ፣ እኔና ወንድሜ። ወንድሜ ስል ይሄኛውን ማለቴ አይደለም። ይሄኛው እዚያው ካምፕ ውስጥ ተወለደ፤ አባዬ ሊያስመዘግበው በሄደ ቁጥር ነገ ና፣ ሳምንት ና እያሉት ልጁ ሁለት ዓመት ሞላው። ትልቁ ያኔ በኩፍኝ ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር።

ካምፕ ውስጥ ሞት አይነገርም ነበር። ልክ ነበርን ማለቴ አይደለም፤ አኗኗራችን እንደዚያ ነበር። የሞተው ሰው ከራሽን ካርዱ ላይ ከተሰረዘ ዱቄቱም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ብዙ ድንኳን ውስጥ ዱቄት የሚሰፈርለት፣ ግን የማይበላ አንድ ሰው ነበር። ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤትም የራሱ አለው፤ ሁሉም ዝም ይላል። ለቅሶ ከተሰማ ግን የካርዱ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አባዬና አንድ ጓደኛው ትልቁን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት ወስደው ቀበሩት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መሬቱ ላይ ተደፋች። እኔ ድንኳኑ አፍ ላይ ሆኜ ሰው ከመጣ እንዳስል ታዝዤ ነበር። ማንም አልመጣም። ጉሮሮዬ ግን እስኪደርቅ ድረስ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ።

ወደ አሜሪካ የሚወሰዱ ስደተኞች ዝርዝር ሲለጠፍ አራት ስም ይዞ ወጣ። አራተኛው የሟቹ ነው። ትንሹን እንጨምር ካልን ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይጀመራል ተባልን። ቃለ መጠይቁ ላይ እማዬ ትንሹን ታቅፋ ገባች፤ ስሙን ስትጠየቅ የትልቁን ስም ተናገረች። ጠያቂው ሰውዬ "ለአራት ዓመት ልጅ አነሰ" አለ። "ርሃብ ነው" አለው አባዬ። ከዚያ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ልጁን በዚያ ስም ጠራው። ልጁ ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም። ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ ሳቀ።

እማዬ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ትልቁ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይመጣም ነበር። ከውሃው በርሜል ኋላ ይደበቅና ሁለቱን ጥሪ አፉን በእጁ ይዞ እየሳቀ ያሳልፈዋል። ሦስተኛው ላይ "አቤት!" ብሎ ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሹ ቤት ውስጥ በዚያ ስም ተጠርቶ አያውቅም። ሲመዘገብ ይወጣለታል እየተባለ ሌላ ስም አልነበረውምና ማሙሽ ነው። ስሙ የወረቀት ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ። የእማዬን ፍርሃት የሰማሁት ሕጉን ባነበብኩላት ዕለት ነው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። "ልጄ አልተለቀሰለትም። መሄዱን ማን ነገረው? ሜዳ ላይ ስሙን ከጮኹበት ይሰማል። መጥቶ ስሙን ቢጠይቅ ምን እሰጠዋለሁ? ማሙሽን?"

አባዬ ግን የዜግነት ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነበር። "ወረቀቱ የሚለውን ነው የምንለው" አለ። "ወረቀቱን ከነካነው ሁላችንም እንነካለን። ልጁ ይጫወት።" ማሙሽም እንዳይቀር አለቀሰ። እማዬ በአንድ ነገር ብቻ ተስማማች፤ እያንዳንዱን ጨዋታ ሄዳ ልታይ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝና ቅዳሜዬ በዚሁ ተበላ፤ ተናድጄ ነበር።

ሜዳው ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ነበር፤ በእግራችን እንሄዳለን። እማዬ ጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባ መስመሩ ኋላ ትቆማለች። ወላጅ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል፤ እሱም ሕግ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሰልጣኙ፣ ፊቱ ቀይ የሆነ ረጅም ሰውዬ፣ ዝርዝሩን ይዞ ስም መጥራት ጀመረ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ያንን ስም ባለ በሌለ ድምፁ ጠራው። ያ ስም ሜዳ ላይ ሲጮህ ከካምፕ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እማዬ ወደ ማሙሽ አላየችም። ዞር ብላ ከሜዳው ማዶ ያሉትን ዛፎች ነው ያየችው። እኔም አየሁ። ዛፍ ብቻ ነበር።

ማሙሽ ዝም ብሎ ቆሟል። አሰልጣኙ ደገመ። ሦስተኛው ላይ ማሙሽ እጁን አወጣ።

ልጁ በስሙ መጠራት አልለመደም፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። በየሳምንቱ ግን እንደዚያው ነበር፤ ሁለት ዝም፣ ሦስተኛው ላይ "አለሁ"። አሰልጣኙ "ጆሮውን አስመርምራችሁታል?" ብሎ ጠየቀኝ። እማዬ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ "ጎበዝ ነው አለ" አልኳት።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በወረቀቱ አሥራ አንድ ስለሆነ የሚጫወተው ከአሥራ አንዶቹ ጋር ነው። ከሁሉም አጭር ነበርና ሲጋጩ የሚወድቀው እሱ ነው። ግን ይሮጣል! ያ ቀጫጫ ልጅ እንደዚያ መሮጥ መቻሉን ማንም አልጠበቀም። አሰልጣኙም ቀኝ እጁ ሳያስበው ጨርቁን እንደሚከልል አየና ኳሱን በግራው እንዲይዝ አስተማረው። በሳምንቱ ማሙሽ ቤት ውስጥ ማንኪያ በግራው ያዘ። እማዬ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ትልቁ ግራኝ ነበር።

"አሰልጣኙ ነው ያስለመደው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። ማታውን ግን እህል አልቀመሰችም።

ከዚያ ደግሞ ማሙሽ መባል አልፈልግም አለ። "ማሙሽ የቤቢ ስም ነው፤ ዛት ኢዝ ኖት ማይ ኔም" ብሎ ያንን ስም ፊቷ ላይ ተናገረው፤ በአሜሪካን አፍ፣ መሐሉን ሰብሮ። በስሜ ጥሩኝ ማለት ለአንድ ልጅ ምን ነውር አለው? እማዬ ግን "የአንተ አይደለም" ልትለው አፏን ከፍታ ስትዘጋው አይቻለሁ። ስሙን ብትሰጠው ትልቁ ምንም አይቀረውም፤ ብትከለክለው ይሄኛው ምንም የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። እሑድ ጠዋት ማሙሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ እየሄድኩ መተንፈሱን አይ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ኢገን በምትባል የከተማ ዳርቻ ነበር። መኪና ስላልነበረን አሰልጣኙ በቫኑ ወሰደን። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ ቢሮ የሚመስሉ ሕንፃዎች፣ መሐሉ ላይ እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሣር። ወላጆቹ ታጣፊ ወንበርና የላም ቃጭል ይዘው መጥተዋል። ቀኑ ደመና ሆኖ ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ቃጭሉ ሲቆም ምንም ድምፅ አይሰማም።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማሙሽ ኳሱን በግራው ይዞ ሁሉንም አልፎ ወጣ። ከፊቱ ማንም የለም። መሐል ሲደርስ ቀዩ ጨርቅ ማንም ሳይነካው ከወገቡ ወደቀ። ማሙሽ ወገቡን ዳበሰና ቆመ፤ የተያዘ መስሎት።

አሰልጣኙ ስሙን ጠርቶ "ሩጥ!" አለ። ማሙሽ ንቅንቅ አላለም። አሰልጣኙ ደግሞ ጠራው፤ የቡድኑ ልጆችም አብረው ጠሩት። ማሙሽ ቆሟል፤ ሌሎቹ እየደረሱበት ነው። ያኔ መስመሩ ላይ ያሉት ወላጆች በሙሉ፣ የማናውቃቸው ነጫጭ ሰዎች፣ ባንድ አፍ ያንን ስም ጮኹት። ማሙሽ እንደነቃ ሰው ሮጠ።

እማዬም ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጋቢዋ ወደቀ። ደረቷን መታች፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፤ ስሙንም ጠራች፣ በትክክለኛው አጠራር፣ "ልጄን! ልጄን!" እያለች። ሰዎቹ ደስታ መሰላቸው። አጠገባችን ያለችው ሴትዮ በእማዬ ምት ቃጭሏን መታች፤ ሌሎቹ በዚያው ምት አጨበጨቡ፤ ስሙን እየተቀበሉ ጮኹ። ለቅሶ አውቃለሁ። አንዷ ስሙን ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ደረት ይመታል። ሰባት ዓመት ዘግይቶ፣ ኢገን ውስጥ፣ ሟች ማን እንደሆነ በማያውቅ ሰው ተለቀሰለት። እኔም ጮኼ አለቀስኩ፤ የዚያን ቀን ያላሳልኩትን ሁሉ።

ስንመለስ አሰልጣኙ እየነዳ በመስታወቱ አየን። "እንደ እናትሽ ያለ ደጋፊ አይቼ አላውቅም" አለኝ። ከዚያ ወደ ማሙሽ ዞሮ ጠየቀው፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ካልተጠራህ የማትመልሰው?

"ዘ ፈርስት ቱ አር ኖት ፎር ሚ" አለ ማሙሽ በመስኮቱ እያየ። "ደይ አር ፎር ዘ አዘር ጋይ።"

አሰልጣኙ ሳቀ። "የቱ ልጅ?" አለው። ማሙሽ ትከሻውን ነቀነቀ። ያኔ ማንም ምንም አልነገረውም ነበር፤ የነገርነው አድጎ ጢም ካወጣ በኋላ ነው። ወረቀቱም እስከ ዛሬ አልተነካም፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ዕድሜው ከእውነተኛው በሁለት ዓመት ይበልጣል።

"ምን አለ?" አለችኝ እማዬ።

መዝለል እችል ነበር። "የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥሪዎች የእኔ አይደሉም፣ የሌላው ልጅ ናቸው ነው የሚለው" አልኳት። እማዬ እጄን ያዘች፤ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

ቤት ገብተን ማሙሽ ወደ ክፍሉ ሄደ። እማዬ ጃኬቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ያንን ስም ጠራች። በዚያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጠርታም ጠበቀች፤ ከሩቅ የሚመጣን ሰው እንደሚጠብቁት፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ። ደግማ ጠራችው። አሁንም ጠበቀች፤ ከመጀመሪያውም ረዘም አድርጋ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሦስተኛውን ቀስ ብላ ጠራች።

"አቤት እማዬ" ብሎ ወጣ። ቀዩን ጨርቅ በግራ እጁ ይዞ ነበር።

"እጅህን ታጠብና ና ብላ" አለችው፤ በስሙ።