ግራዝማች ላይ የተፋሁ ዕለት

የተሰወረ ዘር ሲገለጥ ሰው ከፍ ይላል ይባላል። አይልም። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አስነበበችኝ፤ የተናቀው ጎረምሳ የጥንት አማልክት ዘር ሆኖ ይገኝና መብረቅ ይታዘዝለታል፣ የናቁት ሁሉ ይሰግዱለታል። ደራሲው ፎገራ ሜዳ ላይ ቢወለድ ኖሮ ይህን ባልጻፈ ነበር።

በንጉሡ ዘመን ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ወረታ በተመለስሁ ሰሞን የቁሐር ሚካኤሉን የግራዝማች አላምረውን ልጅ ጥሩዬን ወደድሁ፤ ወደደችኝም። ሽማግሌ ላክሁ። ግራዝማች «ዘሩን ላጥና» ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ መልሱን የሰጡኝ ግን በመስከረሙ ሚካኤል ድግስ፣ በሰው ፊት ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ጭቃውን እስከ ጉልበቴ እያቦካሁ ደርሼ፣ ጌሾው የጠነከረ ጠላ ጨብጬ እንደተቀመጥሁ ግራዝማች ብድግ አሉ።

«የዚህ ልጅ እናት የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት! አያቱ አንበሳሜ ገበያ ማሰሮ ስትቸረችር የኖረች ቡዳ! ሰው በዓይኑ ለሚበላ ልጄን አልድርም!»

የጠጣሁበትን የሸክላ ዋንጫ ከእጄ ነጥቆ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም።

እቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሯል፤ እናቴ ኑግ ታበጥራለች።

«እማ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች፣ ቀናም ሳትል። «ዋንጫውን ግን እናቴ አልሠራችውም። የእናቴ ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አባትህ ነው የደበቀኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ካገባኝ ጀምሮ ጭቃ አትንኪ እንዳለኝ ሞተ።»

ጥቅምት ሲገባ ውሃው ሸሸ፣ ትንኙ ቀረ። ሜዳው በንዳድ ሲንቀጠቀጥ ግራዝማችም ወደቀ። ቤተ ሰቡ ግን የእሱ በሽታ እንደ ድሃ በሽታ እንዲሆን አልፈለገም፤ ጭስ እያጠኑ «ማን በላህ? ተናገር!» ሲሉት በትኩሳቱ መሐል የእኔን ስም ጠራ። በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። የበላው ቡዳ ከተፋበት በሽተኛው ይድናል ይባላል።

«ልጄ፣ በሚካኤል ይሁንብህ» አለኝ። «መጥተህ እንትፍ በልበት።»

ብተፋ ቡዳነቴን በአፌ መመስከሬ ነው፤ ጥሩዬም ትቀራለች። ባልተፋና ቢሞት ደግሞ ገዳዩ እኔ ነኝ። እናቴን ወደ ጓዳ ጠርቼ ምን ይሻለኛል አልኋት።

«ሰውዬውን የያዘው ንዳድ ነው፤ እሱስ ይተወዋል» አለች። ውሃ እየቀዳችልኝ ደግሞ፣ «ግን ባላንጣህ ፊቱን አቅርቦ ተፋብኝ ሲልህ እምቢ ይባላል? እንካ፣ ውሃ ጠጣ፤ አፍህ ደርቋል።»

ሄድሁ። አገሩ ተሰብስቧል። ያ ኩሩ ሰው መደቡ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። ግንባሩ ላይ፣ ሙሉ አፌን፣ ተፋሁበት። ጉንጩ ላይ ወረደ። ማንም ለመጥረግ አልደፈረም፤ መድኃኒት ነዋ።

«ልድገም?» አልሁ።

«ድገምለት፣ ልጄ! እግዜር ይስጥልን፣ ድገምለት!» አለች ሚስቱ እያለቀሰች።

ደገምሁለት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ብዙ መልካም ነገር ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን የለም።

ስወጣ ጥሩዬ በሩ ሥር ቆማ ነበር። ልናገራት ስጠጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ታናሽ እህቷን ከኋላዋ ሸሸገች። ከዓይኔ መሸሸጓ ነው። አምናለች ማለት ነው።

ሰውዬው ዳነ፤ ንዳድ እንደሚተው ተወው። መዳኑም ምስክር ሆነብኝ። ከርብ እስከ ጉማራ ልጁን የሚሰጠኝ አባት ጠፋ፤ ጥሩዬን ለደራ ሰው ዳሯት፣ እኔም አገር ለቀቅሁ።

ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ፣ ብዙ መጻሕፍት አገላብጬ፣ ቂም ባለቤቱን ይበላል የሚለውን ምክር በየገጹ አግኝቼዋለሁ። እኔን አልበላኝም፤ አወፈረኝ እንጂ። የተጸጸትሁት ሰውዬው ፈጥኖ በመዳኑ ብቻ ነው፤ ጥቂት ቀን ቢቆይ ሌላም ጊዜ ይጠሩኝ ነበር። የልጅ ልጆቹ አሁን ደግነታቸውን ሊያሳዩኝ «ያለፈው አልፏል» እያሉ ሰው ይልኩብኛል። ለእነሱ ነው ያለፈው።

አንተም አንባቢዬ፣ ደግ ሰው ትመስላለህና፣ አደራህን ይቅር በል አትበለኝ።