የተጨበጠ እጅ

ግራ እጄን ከክርኔ ወረድ ብሎ ያጣሁት በውትድርና ሳለሁ ነው። የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ቀን መነጋገሪያውን በግራ እጄ ጨብጬ ስናገር የመድፍ ጥይት አጠገባችን ወደቀ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፤ እጄ የለም። መጨበጡ ግን አልቀረም።

ይኼን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የሌለው እጄ ይኼን ሁሉ ዓመት እንደተጨበጠ ኖረ። ጣቶቼ መነጋገሪያውን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ጥፍሮቼ መዳፌ ውስጥ ይገባሉ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ ትከሻዬ ይለበልበኛል። መጀመሪያ ላይ ለሰው እናገር ነበር። "የሌለ እጅ እንዴት ያማል?" ሲሉኝ ተውኩት። የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበር። እሱ ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል። ከሥራ ሲገባ ፊቴን አየት ያደርግና "ዛሬም ጨብጧል?" ይለኛል። "ጨብጧል" እለዋለሁ። መድኃኒት ነበረኝ፤ ግን ስውጠው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። የምሠራው ደግሞ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ፊት ማንቀላፋት አልወድም።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። በጦርነት እጅ ወይም እግራቸውን ያጡ ሰዎችን እያነጋገሩ የተሻለ የሕመም ማስታገሻ ለማግኘት የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። የደወለችው ወጣት ሴት ናት፤ ስታወራ ትጣደፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ የእድር አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰበሰቡ ነግራኝ፣ "ይመጣሉ?" አለችኝ። እኔ እንኳን ልሄድ አልፈለግሁም ነበር። ባለቤቴ ነው "ሌላው ቢቀር ሻይ አይጠፋም" ብሎ በሚኒባሱ ያደረሰኝ።

አዳራሹ ጥግ ላይ የእድሩ ድንኳንና ትልልቅ ብረት ድስቶች ተቆልለዋል። የደወለችልኝ ልጅ ከድስቶቹ አጠገብ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ እጅዎ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን እያደረገ ነው?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። እጄ የት እንደተቆረጠ፣ እንዴት እንደተቆረጠ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ምን እያደረገ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

"ጨብጧል" አልኳት።

"እንዴት አድርጎ? እስቲ በቀኝ እጅዎ ያሳዩኝ።"

አሳየኋት። እሷም የራሷን ግራ እጅ ልክ እንደኔ ጨበጠች። "እንዲህ?"

"ጠበቅ አድርጊው። አውራ ጣትሽን በላይ በኩል።"

ጠበቅ አደረገችው። እንደዚያው ጨብጣ፣ በቀኝ እጇ እየጻፈች፣ ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ጠየቀችኝ። ስትጨርስ እጇን ፈታችው። የጥፍሯ ምልክት መዳፏ ላይ ቀርቷል። እያራገፈችው "ውይ! እርስዎ ይኼን ይዘው ነው ለተማሪ መጽሐፍ የሚያውሱት?" አለች። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አብራኝ ሳቀች። በሕመሜ ከሌላ ሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ እቸኩል ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጡት መካከል አስር አለቃ እያልን የምንጠራው ሰው ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። ተራው ደርሶ ስትጠይቀው፣ "እግሬ ቦቲ ጫማ ውስጥ ነው። ቦቲው ጠቦኛል፤ ካልሲውም እንደረጠበ ነው። ቆይ ግን ዶክተር፣ ይኼ ሁሉ በጋ አልፎ ካልሲ እንዴት አይደርቅም?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከዚያ አንዱ "የኔም እኮ" ሲል፣ ሌላው "እኔ ደግሞ ጣቴን ያሳክከኛል" ሲል፣ ሁሉም የየራሱን ያወራ ጀመር። ልጅቷን ሁላችንም ዶክተር ነው የምንላት። "ኧረ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ገና እየተማርኩ ነው" ብላ ብትከራከርም የሰማት የለም።

ብዙ ነገር አስሞከረችን። አንዱ መስታወት ነው፤ ደህናውን እጅ ወይም እግር በመስታወት እያየን ስናንቀሳቅስ ጭንቅላታችን ሁለቱም ያሉ ይመስለዋል። አስር አለቃን ፈታ አደረገለት። ለእኔ ግን አልሆነልኝም፤ መስታወት ውስጥ ያየሁት እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ያስቀየምኳት መስሎኝ ሳቀረቅር፣ "ያልሠራውንም ማወቅ አለብን፤ ሌላ እንሞክራለን" አለችኝ።

ጥር ላይ አስር አለቃ ልጁን ዳረና ሁላችንንም ፉሪ ሰፈር ጠራን። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እኔ ከተጎዳሁ ወዲህ ሠርግ ላይ ጨፍሬ አላውቅም ነበር። ባዶ እጅጌዬን በመርፌ ቁልፍ ብይዘውም ሰው እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለኛል። ባለቤቴና ዶክተር መካከል ቁጭ ብዬ ክትፎዬን ስበላ፣ አስር አለቃ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ለአንዱ ሚዜ አስይዞ፣ በክራንች እየጨፈረ መጣ።

"ተነሺ! እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ አንቺ በሁለት እግርሽ ትቀመጫለሽ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ምን ላድርግ፣ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። አስር አለቃ ፊት ለፊቴ ሆኖ "እንዲህ! እንዲህ!" እያለ እስክስታውን ይመታዋል። ከበሮው ሲፈጥን እጅጌዬንም ሰውንም ረሳሁ። ትከሻዬ ለቀቅ አለ፣ ከክርኔ በታች የቀረችው ቁራጭ ክንዴም አብራ ተንቀጠቀጠች። ይኼኔ ነው አውራ ጣቴ የላላው። ቆም ብዬ ልሰማው ፈራሁ፤ ካቆምኩ የሚመለስብኝ መሰለኝ። ጨፈርኩ። ከዚያ ሌባ ጣቴ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከታትለው ተዘረጉ። መዳፌን ነፋስ ነካው።

ጮህኩ። ባለቤቴ ሳህኑን ጥሎ ሮጠ።

"ምን ሆንሽ?"

"ተከፈተ!"

"ምኑ?"

"እጄ! እጄ ተከፈተ!"

ባዶ እጅጌዬን አየ፤ ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ "እልል በሉ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት። አንዲት የሙሽራዋ አክስት አቅፋ ስማኝ "እንኳን ደስ ያለሽ" ካለችኝ በኋላ፣ ዞር ብላ "ምን አግኝታ ነው?" ስትል ሰማኋት። ዶክተር ጉርሻዋን ሳትውጥ ደርሳ "እንዳያቆሙ! እንዳያቆሙ!" ትለኛለች። እያለቀስኩ እየሳቅሁ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ስነሳ ተጨብጧል። ከፋኝ። ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ እንደሚከፈት አውቄያለሁ። ቁርስ ላይ ባለቤቴ ስልኩ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በፒጃማ፣ ትከሻችንን እየሰበቅን ጨፈርን። ዘገየ እንጂ ተከፈተ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዶክተር ድምጽ ማጉያና ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ሽቦዎች ይዛ መጣች። የቀረችው ክንዴ ላይ ለጥፋልኝ ስጨፍር በኮምፒዩተር ታያለች። "ይኸውልዎት" አለችኝ፣ "ጣት የሚዘረጉት ጡንቻዎች እዚህ ክርንዎ አጠገብ ቀርተዋል። እስከዛሬ ዝርግት በሉ ሲሏቸው እምቢ ብለዋል። ትከሻዎን ሲለቁት ሳያስቡት ታዘዙ።" እሷ እንደምትለው ይኼ ገና ግምት ነው፤ በሌሎችም ላይ መታየት አለበት። ታየም። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ እየፈጠነ የሚሄድ የጠዋት እንቅስቃሴ አብረን ሠራን። እግራቸው ለተቆረጠባቸው የትከሻው ጭፈራ ብዙም አልጠቀማቸውም። አስር አለቃ "ለእግር የጉራጌ ጭፈራ ነው የሚሻለው" ብሎ ድርቅ አለ፤ ሲሞከር ለሁለት ሰዎች ሆነላቸው። አንድ ወንድማችን ግን ምንም ለውጥ አላገኘም። ለእሱ ሌላ ዘዴ እየፈለጉለት ነው፤ ቢሆንም ለጭፈራው ሲል ይመጣል።

እኔ ዳንኩ አልልም። ብርድ ሲሆን፣ ስናደድ፣ እጄ ይጨበጣል። ብዙ ጠዋት ግን ተዘርግቶ ሥራ እገባለሁ። መድኃኒቱንም ሐኪሜ ቀንሶልኛል።

ባለፈው ወር እንቅስቃሴውን በቪዲዮ ቀረጽነው። ሆስፒታል ላሉ አዲስ ለተጎዱ ሰዎች የሚታይ ነው። አስር አለቃ ከረባት አስሮ መጣ። እኔ ለሠርጉ የገዛሁትን የሐበሻ ቀሚስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ ሳልይዘው፣ ለበስኩ። ዶክተር ፊት ቆማ እያሳየች እኛ ከኋላዋ እንድንከተል ነው ሐሳቡ። ችግሩ ዶክተር ጭፈራ አትችልም። ትከሻዋ ከነአንገቷ ነው የሚሄደው። ከበሮው ሲፈጥንማ ጭራሽ ጠፋባት።

"ዶክተር" አለ አስር አለቃ ከኋላ፣ "አንቺ እኮ ሁለቱም እጅሽ አለ፤ ምን ነካሽ?"

ካሜራ የያዘችው ሴት ሳትቀር ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ዶክተር ፊቷን ሸፍና መሬት ላይ ቁጭ አለች። በኋላ የተቀረጸውን ስታሳየን፣ "ይኼን የሳቁን ቦታ ቆርጬ ላውጣው?" ብላ ጠየቀችን።

"ተዪው" አልናት ሁላችንም፤ ተወችው።