ከላይ ሦስተኛው መስመር

አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም። ይሄን ከሟች ባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ሰርግ እየቀረጽኩ ሲዲ የማባዛባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተር ያሳየኝ ሰው አንድ ቀን አሳይቶኝ ሄደ። እኔ የያዝኩት ቦታ ቦታውን ነው። ቢጫዋን ሥዕል ሁለት ጊዜ መጫን፣ ዝርዝሩ ሲወርድ ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ ጥያቄ ከመጣ ሁልጊዜ የግራው ቁልፍ። ደንበኛ አጠገቤ ካለ መነጽሬን አድርጌ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ያነበብኩ ይመስላል። ስንትና ስንት ሰርግ በዚህ ዓይነት አባዛሁ።

አምና ራይተሩ፣ ማለት ሲዲው ላይ የሚጽፈው ዕቃ፣ ሞተ። ከአንድ ጠጋኝ ያገለገለ ገዝቼ ራሴ ፈትቼ ገጠምኩት። ጠጋኙ ዕቃውን ሱቄ ድረስ ሲያመጣልኝ የኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ በጆሮው አዳመጠና "ጋሼ፣ ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ሊሞት ነው። ያለውን ሁሉ ዛሬ ነገ ሳይሉ ባክአፕ ያድርጉ፣ ሌላ ቦታ ይገልብጡ" አለኝ። ሰርጎቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

ልጄ ዱራሜ አስተማሪ ናት። የዚያኑ ዕለት ስደውልላት "አባዬ፣ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጠው" አለችኝ።

"ፍላሽ ይጠፋል። ሲዲ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል" አልኳት። እምቢ አልኩ በቃ።

በማግስቱ ጠዋት ገና በሩን ሳልከፍት አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከዳምቦያ ነው የመጣችው። ጤና ጣቢያ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ጥቁር የለበሰች። የልጇን ሰርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ልጁ በቅርቡ ሞቷል። ለቅሶው ላይ ዘመድ ሁሉ "እስቲ እኛም እንየው" እያለ ሲዲው ከቤት ቤት ዞረ፣ ተፋፋቀና መጫወት አቆመ። ፊቱና ድምፁ ያለበት ሌላ ነገር የላትም።

"እርስዎ ጋ ይኖራል ብዬ ነው" አለች።

"አለ እንጂ! ቁጭ በይ እህቴ፣ አሁን ትወስጂዋለሽ" አልኳት። አፌን ሞልቼ።

ሲዲ አስገባሁ። ቢጫዋ ሥዕል፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር። ትንሽ ሄደና ጭው የሚል ድምፅ አሰማ፣ ቀይ የኤክስ ምልክት መጣ። ሲዲው መጥፎ ነው ብዬ አውጥቼ ሰበርኩት። ሁለተኛውንም አስገባሁ፣ ያው ቀይ ምልክት፣ ሰበርኩት። አሁን አንድ ብቻ ቀረኝ። ባዶ ሲዲ ከተማው ውስጥ የሚሸጥ የለም፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቀጭ ይላል። መብራቱም አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ።

ሴትዮዋ በከምባትኛ ለራሷ ታንሾካሹካለች። እኔ ሀድይኛ ነው ቋንቋዬ፣ ግን ጸሎት እንደሆነ ገብቶኛል።

ልጄ በእረፍት ሰዓቷ ደወለች።

"አባዬ፣ እንዴት ሆነ?"

"ስህተት ይላል።"

"ምን ብሎ? የተጻፈውን አንብብልኝ።"

"ስህተት ነው የሚለው አልኩሽ እኮ።"

"አባዬ፣ ቃል በቃል አንብብልኝ።"

"ኔትዎርኩ አስቸገረ፣ አይሰማም" ብዬ ዘጋሁት። ኔትዎርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

የመጨረሻዋን ሲዲ አስገባሁ። ሦስተኛው መስመር። አሁን ቀዩ ምልክት አልመጣም፣ አይቼው የማላውቀው ጥያቄ መጣ። ሁለት ቁልፍ አለው። ደስ አለኝ። የማውሱን ቀስት ወደ ግራው ወሰድኩ።

"ጋሼ፣ ቆይ!" አለች ሴትዮዋ። ከበርጩማዋ ተነስታ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። "ምንድነው የሚለው እሱ?"

"ሁልጊዜ የሚለውን ነው።"

"አንብበውታል?"

መነጽሬን አስተካከልኩ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ጣቴ ማውሱ ላይ ነው። ዲስኩ ቀጭ አለ። ውጭ የመኪና ረዳት "ዳምቦያ! ዱራሜ! የሞላ!" እያለ ይጮሃል።

"አላነበብኩትም" አልኳት። "እንግሊዝኛ አልችልም። ችዬም አላውቅ።"

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ። ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል፣ የድሮዎቹን ፊልሞች ልደምስስና ቦታ ላግኝ ወይ ነው የሚለው። የግራው 'አዎ' ነው።"

እጄን እሳት እንደነካው ሰው አነሳሁ።

"አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?"

"ዕድሜዬን የመድኃኒት ወረቀት ሳነብ ነው የኖርኩት። ሳላነብ ብሰጥ ኖሮ ስንቱን እቀብር ነበር?" አለችና አፈረች። ሞት ማንሳቷ ነው ያሳፈራት።

የቀኙን ተጫንኩ። ከዚያ ራሴ ለልጄ ደወልኩና ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። እሷ ታነባለች፣ ልጄ ትመልሳለች። ነገሩ ያኔ ወጣ። አዲሱ ራይተር ስገጥመው ዝርዝሩ ላይ አራተኛ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ የገባው ራሱ ሰርጎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ፊልሙን እዚያው በራሱ ላይ ስቆልል ነበር። የሰበርኳቸው ሲዲዎች ምንም ያልተጻፈባቸው፣ ደህና ሲዲዎች ነበሩ።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለች ልጄ በስልኩ።

"አሁን ነገርኩሽ አይደል? ይልቅ ቀጥሎ የሚጫነውን ንገሪያት።"

የልጁን ሰርግ ብቻ መርጠን አራተኛው መስመር ላይ፣ በቀስታው ፍጥነት ጫንን። ሴትዮዋ የሚሄደውን ቁጥር ጮክ እያለች ታነባለች። ሃምሳ በመቶ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሁለታችንም ጠረጴዛውን ጨበጥን፣ የምናቆመው ይመስል። አልጠፋም። ሲዲው ትኩስ ሆኖ ወጣ። ዴክ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ በጭቃ ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ሚዜዎቹ ሲስቅ ታየ።

"ይበቃኛል" አለች፣ "የቀረውን ቤቴ።" በነጠላዋ ጠቅልላው ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሃርድ ዲስኩ ቀጭ እንኳ አላለም። ሞቷል። ያ ሁሉ ሰርግ ሄደ። ፍላሹን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በማንም አላላክክም። ከዚያ ዲስክ የተረፈው ዳምቦያ ያለው አንድ ሲዲ ብቻ ነው። ወዲያው ደወልኩላት።

"እህቴ፣ ሲዲውን ለማንም እንዳታውሺ! ሌላ የለም!"

"ጋሼ... የባሌ እህት ትናንት ማታ ወስዳዋለች። ለቅሶ ለመጣ ሰው ላሳይ ብላኝ። እንዴት እምቢ እላታለሁ?"

"ሂጂና ተቀበያት! አሁን!"

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሳየው ዋልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወለች። ሲዲው ከባሏ እህት አልፎ ሦስተኛ ቤት ደርሶ ነበር። "ዴኩ ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ነጠቅኋቸው" አለችኝ፣ ታለከልካለች። "ተቀይመውኛል።"

"ይቀየሙ!" አልኳት።

አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጠምኩ። ልጄ ቅዳሜ መጥታ አየችው፣ ከአዲስ አበባም ባዶ ሲዲ መጣልኝ። ሴትዮዋ ሌላ ቅጂ እንዳወጣላት በገበያ ቀን መጣች፣ ሲዲውን ደረቷ ላይ ይዛ። ሱቅ ውስጥ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። መነጽሬን አወለቅኩና በርጩማዋን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋሁላት።

"አንቺ አንብቢ" አልኳት፣ ሰው እየሰማ። "እኔ እጫናለሁ።"