የይመኙሻል ጓዳ

ይመኙሻል ሸክላ ሠሪ ናት። የአንኮበር ሰው ወጡን በእሷ ድስት ይሠራል፣ ውሃውን በእሷ እንስራ ያቀዘቅዛል፤ ከዓይኗ ግን ይሸሻል። ቡዳ ናት ይላታል። የሞተ ሰው ከመቃብር ጠርታ ጓዳዋ ውስጥ ታሠራለች ይላል። ይህንኑ ያለ አፍ ገበያ ላይ ከእሷው ጋር ዋጋ ይከራከራል፤ አያፍርም።

ይመኙሻልን ቤቷ የምታስገባት ጎረቤቷ ንጋቷ ብቻ ናት። ቴሌቪዥን የገዛች ጊዜ «ነይ እንጂ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ጠራቻት፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ። ንጋቷ ግን የይመኙሻልን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገጥማታል። ይመኙሻልም ገብቷት ነበርና አንድ ቀን እንኳ ነይ ብላ አላስቸገረቻትም። ያለቻት ወዳጅ አንድ ናት፤ እሷን ማጣት አትፈልግም።

አንድ እሑድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይታይ ነበር። ባሕር ማዶ፣ አንድ ደሴት ላይ፣ ጠንቋይ ከበሮ እያስመታ ሙታን ያስነሣል፤ የተነሡትም ዓይናቸው ፈጦ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ማሳውን ይኮተኩቱለታል። የንጋቷ ልጅ ምሥራቅ፣ ያሰበችውን ሳትናገር የማታድር ቀበጥ፣ ወደ ይመኙሻል ዞር አለች።

«እትዬ፣ እርስዎም ይችላሉ ይባላል። እውነት ነው?»

ንጋቷ ክው አለች። ይመኙሻል ግን ሳቀች። እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ብችልማ ጭቃዬን እነሱ ያቦኩልኝ ነበር! ወገቤ እንዲህ ይቆረጥ ነበር?»

ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ምሥራቅን ትኩሳት ጣላት፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደርሳም አልተረፈች። ይመኙሻል ለቅሶ ቤት ልትገባ ስትል የንጋቷ ወንድም በሩ ላይ ዱላውን ጋረጠባት። ከቀብሩም በኋላ የንጋቷ ወንድሞች፣ ቡዳ እንዳትወስዳት ብለው፣ መቃብሩን እየተፈራረቁ ጠበቁ። ይመኙሻልን ያንገበገባት ዱላው አልነበረም። ንጋቷ ከውስጥ ሆና እያየች ዝም ማለቷ ነው።

ሰነባብቶ አንድ ማለዳ ይመኙሻል ጭቃ ስታቦካ በሩ ተንኳኳ። ንጋቷ ናት። ያን ሁሉ ዘመን ያልረገጠችውን ደጃፍ አልፋ ገባች፤ ዓይኗ ጓዳው ላይ ነበር። ይመኙሻል ልትረግማት የመጣች መስሏት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተነሣች። ንጋቷ እግሯ ሥር ወደቀች።

«እቱ፣ ወንድሞቼን አልጠራም፤ ለማንም አልናገርም። ጭቃሽን ታቡካልሽ። ባታውቀኝም፣ ባታናግረኝም ግድ የለም። ብቻ አንድ ጊዜ አሳዪኝ።»

ይመኙሻል ዕድሜዋን ሙሉ የጠላችው ስም ያን ለት እውነት በሆነ ብላ ተመኘች። ንጋቷን ደግፋ አነሣቻትና የጓዳውን መጋረጃ ገለጠችላት። ገና እሳት ያላያቸው ድስቶች ተደርድረዋል። ንጋቷ ጎንበስ ብላ፣ ከድስቶቹ ጀርባ ሳይቀር እያየች፣ ልጇን በስሟ ትጣራ ጀመር።