አቶ ገብረክርስቶስ ከርከሮ የያዙ ጊዜ

ጎረቤቴ አቶ ገብረክርስቶስ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ፣ ማስቀመጫ የሌለው የሻይ ብርጭቆ እና ንግግር የሚያቋርጥ ሰው አይወዱም። ጡረታ ከወጡ በኋላ በእነዚህ ላይ ከርከሮ ተጨመረ።

ወደ ጅጅጋ የመጡት ጎልማሳ ሳሉ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተመድበው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበርና ጠረጴዛ ሲቆጥሩ ኖሩ። ቆጠራቸው ትክክል ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። አንድ ጊዜ ለጠፋ ስቴፕለር ሦስት ወር ደብዳቤ ሲጻጻፉ ከርመው፣ ስቴፕለሩ በራሳቸው መሳቢያ ውስጥ ሲገኝ፣ «መገኘቱን ስለማሳወቅ» የሚል ደብዳቤ ለራሳቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ራሳቸው ተቀብለዋል። ይህን ያጫወቱኝ እርሳቸው ናቸው። ሲያጫውቱኝ አልሳቁም፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ያደረግሁት ብርድ ፈርቼ መስሏቸዋል።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ግቢያቸው ከእኔ ግቢ የሚለየው በአንድ የብሎኬት አጥር ነው። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ረቢዓ ተከራይታ ቁርስ ቤት ከፍታባታለች። ረቢዓ የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ገና ሳይነጋ ተነስታ ላሆህ የሚሉትን ስስ የሶማሌ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሻይዋን በግመል ወተት ታፈላለች። ደንበኞቿ ወደ ደገሀቡር የሚጭኑ ሹፌሮች ናቸው። ከወጥ ቤቷ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ የአቶ ገብረክርስቶስ ጓሮ ይጀምራል፤ ሰላጣ አለ፣ ቆስጣ አለ፣ ከሁሉም በላይ ስኳር ድንች አለ።

የጅጅጋ ከርከሮ የዱር አውሬ ነው ቢባልም ዱር ሲሄድ ያየው የለም። ኑሮው ጎዳና ላይ ነው። ባጃጅ ጡሩንባ ቢነፋበት ዘወር ብሎ ሹፌሩን ያያል እንጂ አይቸኩልም። ፊቱ ጉብጉብ ነው፤ ጥርሱ እንደ ማጭድ ወደ ላይ የቆለመመ። መሬት ሲቆፍር በፊት ጉልበቶቹ ይንበረከካል፤ ላየው ሰው ሹመት የሚለምን ይመስላል። ሙስሊሙ ሐራም ነው ብሎ አይነካውም፤ ክርስቲያኑም ርኩስ ነው ብሎ አይነካውም። በከተማችን ሁለቱ ሃይማኖቶች ያለ ስብሰባ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ስለዚህ ጅጅጋ ውስጥ እንደ ከርከሮ በሰላም የሚያረጅ የለም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ከርከሮ የጓሮውን የቆርቆሮ አጥር በአፍንጫዋ ገልብጣ ስኳር ድንቹን አገኘችው። አቶ ገብረክርስቶስ በመጀመሪያ ያደረጉት ለቀበሌ መጻፍ ነበር። ደብዳቤው አራት ግልባጭ ነበረው፤ አንዱ ግልባጭ ለእኔ ነው። መልስ አልመጣም። ቀጥለው በርበሬ ነሰነሱ። ነፋሱ በርበሬውን ይዞ ወደ ቤታቸው ገባ፤ ሁለት ቀን ሲያስነጥሱ እኔ አጥር ማዶ ሆኜ «ይማርዎ» ማለት ሰለቸኝ። ከርከሮዋን ግን አንድ ጊዜም አላስነጠሳትም።

ከዚያ ማስፈራሪያ ሠሩ። በሁለት እንጨት ላይ ግራጫ የቢሮ ኮታቸውን አልብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተውለት፣ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ሰኩበት። እስክሪብቶው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኋቸውም። ጋሪ ነጂው ጃማ በማግስቱ ውሃ ሊያመጣ መጥቶ፣ ከሩቅ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ውሃውን የት ላውርደው?» እያለ ቆሞ ጠበቀ።

«ዋረያ፣ አንተ ሰውዬ፣ እሱኮ እንጨት ነው!» አለችው ረቢዓ በመስኮት።

«ታዲያ በምን ልወቅ? ቢሮ እያሉም ሲጠየቁ እንደዚሁ ዝም ነበር የሚሉት።»

ከርከሮዋም ያየችው እንደ ጃማ ነው መሰለኝ፤ ማስፈራሪያው ሥር ያለውን ድንች አስቀድማ ጨረሰች።

ይኼኔ ነው አቶ ገብረክርስቶስ ጉድጓድ ያሰቡት። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥረው፣ ሜትራቸውን ይዘው፣ ቆርቆሮው በተገለበጠበት በኩል፣ ልክ ከረቢዓ ወጥ ቤት ግድግዳ ጀርባ፣ አንድ ሜትር ተኩል አስቆፈሩ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ፣ ማዕዘኑ ተለክቶ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው ቢያድርበት የማያሳፍር ጉድጓድ ወጣላቸው። አፈሩን እዚያው አፉ ላይ ከመሩት። ከላይ ቀጫጭን እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ የቆስጣ ቅጠል ተነሰነሰ።

ረቢዓ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ አየችው። «ጋሼ፣ ከገባች በኋላ እንዴት ነው የምትወጣው?»

«ወይዘሮ ረቢዓ፣ ሥራ በምዕራፍ ነው የሚሠራው። አንደኛው ምዕራፍ ማስገባት ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው በሁለተኛው ይታያል።»

ማክሰኞ ጠዋት ከርከሮዋ ገባች።

አቶ ገብረክርስቶስ ማስፈራሪያውን አራቁተው ኮታቸውን ለበሱና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። የሰፈሩ ጎረምሶች አጥር ላይ ተንጠላጥለው በስልክ ይቀርጻሉ። «ጋሼ፣ አንዴ ከእሷ ጋር! ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ!» እርሳቸውም ጠጋ አሉ። ክራባታቸውን አስተካከሉ። በዚያች ሰዓት ያየኋቸውን ያህል ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም፤ ደስታው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ።

ረቢዓ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከርከሮዋ ግድግዳውን በጥርሷ ትፍቃለች፤ ስትፍቅ ድምፁ ጠረጴዛው ሥር እንዳለች ሆኖ ይሰማል። ሹፌሩ ዋርሳሜ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ቁርሱን የበላ ሰው ነው። ላሆሁን ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲያደርስ ከርከሮዋ አጉረመረመች። አወረደው። እንደገና አነሳው፤ እንደገና አጉረመረመች።

«ረቢዓ፣ አንቺን አይደለም» አለ፣ ብርጭቆውን በቀስታ እያስቀመጠ። «ወላሂ አንቺን አይደለም። ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።»

እርሱ ሲነሳ ሌሎቹም ተነሱ። ረቢዓ ገና ከምጣድ የወረደውን ላሆህ እንደ ያዘች ቀረች።

በአጥሩ በኩል መጥታ «እማማ» አለችኝ፤ «ሹፌር ማለት እንደ ግመል ነው፤ አንዴ ሌላ በር ላይ ከተንበረከከ አይነሳም። እስከ ቅዳሜ ካልወጣችልኝ ቤቴ አለቀ።»

አቶ ገብረክርስቶስ ሁለተኛውን ምዕራፍ የጀመሩት በጃማ ነው። «አንተ ጃማ፣ በገመድ ጎትተን ጋሪህ ላይ እንጭናታለን።»

«እኛ ማለት ማን ነው ጋሼ?»

«አንተ።»

«እኔ ብነካት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፤ አንዱን በአፈር። እሺ እታጠባለሁ። ጋሪውን ማን ያጥበዋል? ይኼ ጋሪኮ የውሃ ጋሪ ነው። ነገ እርስዎ ራስዎ ከዚህ ጋሪ ውሃ ይጠጣሉ?»

አቶ ገብረክርስቶስ አሰቡ። «አልጠጣም» አሉ።

«እርስዎ ይንኳታ፤ በእርስዎ ዘንድ ሰባት ጊዜ የለም።»

«እኔ አስተባባሪ ነኝ።»

ሻይ ሊጠጣ የመጣ አንድ ወታደር ልተኩስባት አለ። ረቢዓ ጮኸች፦ «በድኗንስ ማን ያወጣዋል? በሕይወት ሆና ሹፌሩ ሸሸ፤ ሞታ ብትሸትማ ሠፈሩም ይሸሻል!» ወታደሩ እውነት ነው ብሎ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ። በር አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢና ጸሐፊ አቶ ገብረክርስቶስ፣ አባላት ጃማና ዋርሳሜ፤ ወንበር ያዋስኩት እኔ ስለሆንኩ እኔንም ታዛቢ ብለው መዘገቡኝ። ረቢዓን አልጠሯትም፤ «ባለጉዳይ ናት፣ ባለጉዳይ ስብሰባ አይገባም» አሉ። የመጀመሪያው አጀንዳ የኮሚቴው ስያሜ ነበር፤ እርሱ ላይ መሸ። ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛው አጀንዳ ተከፈተ፦ ከርከሮዋ የማን ንብረት ናት?

«የእርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ስላለች የእርስዎ ናት» አለ ዋርሳሜ።

«ገቢ አላደረግኋትም» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ፣ ተቆጥተው። «ገቢ ያልተደረገ ንብረት ደግሞ ወጪ አይደረግም።»

ጃማ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በዚያ መሃል ረቢዓ በጓሮ በኩል ጠቀሰችኝ። ታዛቢ መነሳት ይፈቀድለት እንደሆነ አላውቅም፤ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ረቢዓ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ በባልዲ ውሃ ታወርዳለች። ከሁለት ቀን ወዲህ ለከርከሮዋ ውሃ የሰጠ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ አፈርኩ።

«የአላህ ፍጡር አይደለችም እንዴ?» አለች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ። ማየቱን አልወደደችውም። ውሃው ሲያልቅ ዓይኗ የአፈሩ ክምር ላይ አረፈ።

«እማማ፣ አካፋ አለዎት?»

አካፋዬ እጀታው የተሰነጠቀ፣ በሽቦ የታሰረ ነው። እርሱን ሰጠኋት፤ ለራሴ የአመድ መዛቂያዬን ያዝኩ። የከመሩትን አፈር በአንደኛው ማዕዘን ወደ ታች እንመልሰው ጀመር። ረቢዓ አካፋውን ስትሞላ እኔ አንድ እፍኝ አክላለሁ፤ ረዳኋት ማለት ይከብዳል። ከርከሮዋ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ተራገፈች፤ በኋላ ገባት። አፈሩ ከፍ ባለ ቁጥር እርሷም ከፍ አለች። ማንም አልነካትም፣ ማንም ገመድ አልጣለም። ሥራው ሦስት ሹፌር ቁርስ በልቶ የሚሄድበትን ጊዜ ያህል ፈጀ።

«የግቢውን በር ከፍቼዋለሁ» አለችኝ ረቢዓ ላቧን እየጠረገች። «ድንጋይም አስደግፌበታለሁ።»

ከርከሮዋ አንዴ ዘላ ወጣች። ጅራቷን እንደ ሬዲዮ አንቴና ቀጥ አድርጋ፣ በሰላጣው መሃል አልፋ፣ ኮት የሌለውን ማስፈራሪያ ጥላ፣ ወደ ተከፈተው በር ሮጠች። በሩ ደግሞ ኮሚቴው ጋ ነው። ዋርሳሜ ኒሙ ላይ ወጣ። ጃማ ከጋሪው አህያ ጀርባ ገባ። አቶ ገብረክርስቶስ ቃለ ጉባኤውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ሥርዓት! ሥርዓት!» ሲሉ ከርከሮዋ በመካከላቸው አልፋ አስፋልቱን ያዘች። እዚያ ስትደርስ ሩጫዋን አቆመች፤ አንድ ባጃጅ አስቁማ በዝግታ ተሻገረች።

ነገሩ አለቀ ብለን ነበር። ዓርብ ግን ረቢዓ ላሆህ ጋግራ ብትጠብቅ አንድም ሰው አልመጣም። ዋርሳሜ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ጓሮ አስግጎ አየና ተመለሰ። ረቢዓ ቀጥ ብላ ወደ አቶ ገብረክርስቶስ ሄደች።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱን ይድፈኑልኝ። አፉ ተከፍቶ እስካለ ሰው ነገ ሌላ ትገባለች ብሎ ነው የሚያስበው።»

«ማዕዘኑን አይተሽዋል? እንዲህ ያለ ጉድጓድ እንዴት ይደፈናል? አሁን ልምድ አግኝተናል፤ ሁለተኛዋ ስትገባ...»

«እንግዲያው ክፍልዎን ዛሬ እለቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ለከርከሮዋ ያከራዩአት። ጠዋት ተነስታ ሻይ ታፍላልዎት።»

አቶ ገብረክርስቶስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምዕራፍ አልወጣም። ኮታቸውን አውልቀው ወደ እኔ መጡና አካፋ ለመኑኝ። በሽቦ የታሰረችውን ሰጠኋቸው። ብቻቸውን፣ እስከ ማምሻው ድረስ፣ በየመሃሉ ወገባቸውን እየያዙ ደፈኑት። መጨረሻ ላይ በእግራቸው ጠቀጠቁት፤ ማዕዘኑን ቀብረው ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን ያነሱ መሰለኝ፤ ምናልባት ላብ ሊጠርጉ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ዋርሳሜ መጣ። ጓሮውን ዞሮ አየ፤ የተደፈነውን ረገጠ፤ ዘለለበትም። ከዚያ ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ግድግዳውን አዳመጠ።

«ዛሬ የሚሰማኝ የላሆህ ድምፅ ብቻ ነው» አለ። «አምጪ።» ከእርሱ ኋላ ሁለት፣ ከሁለቱ ኋላ አምስት ሆነው ገቡ።

አቶ ገብረክርስቶስ በዚያው ቃለ ጉባኤያቸውን ይዘው መጡና እንድትፈርም ረቢዓ ፊት ዘረጉት። «ከርከሮዋ በኮሚቴው ያልተቋረጠ ክትትል በሰላም ወጥታለች» ይላል። ረቢዓ ምጣዱ ላይ እንዳለች አንገቷን አስግጋ አነበበችው፣ ከላይ እስከ ታች።

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ አካፋው የታለ?»

ሹፌሮቹ መብላታቸውን አቁመው ያያሉ። አቶ ገብረክርስቶስ ወረቀቱን ገለበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ፣ ያንን ማስፈራሪያው ይዞት የነበረውን እስክሪብቶ አውጥተው፣ ከፊርማው በላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ ጨመሩ፦ «አካፋ፣ አንድ፣ ያገለገለ።»

ረቢዓ ፈረመችላቸው። ሻዩንም ማስቀመጫ ባለው ብርጭቆ ሰጠቻቸው።